«የባሕር ጌጥ ዓሦች» ስለተባሉት የማላዊ ሐይቅ ዓሦች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ በቤት አያያዝ ዓምድ ሥር፣ ሳሎንን በዓሣ ገንዳ ስለማስዋብ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በኮንዶሚኒየም ቤቴ፣ የአፍሪካ ሐይቆችን ዓሦች ሳረባ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ ሆኖብኝ ስለኖርኩ የመጀመሪያው ንባብ የደስታ ነበር። ሁለተኛው ግን ብዕር አስነሣኝ። የታተመው ፎቶግራፍና ከሥሩ የሰፈረው መግለጫ አይተዋወቁም። ለአንባቢ የተሰጡት ምክሮችም ከዚያው አለመተዋወቅ የተወለዱ ናቸው፤ አንደኛው ምክር በተለይ ከሳሎን አልፎ ሐይቅ የሚያበላሽ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በፎቶግራፉ ላይ ሦስት ዓይነት ዓሣ ይታያል። ቢጫው፣ በጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት፣ በሳይንሳዊ ስሙ ላቢዶክሮሚስ ሴሩሌየስ ይባላል። በሰማያዊ ገላው ላይ ጥቁር ሸንተረር የወረደበት ጎረቤቱ፣ አርቢዎች የሜዳ አህያን ስለሚያስታውሳቸው «ዜብራ» የሚሉት ወገን ነው። ከበስተጀርባቸው ጅራቷን ዘርግታ የምትታየው ብርቱካናማ ዓሣ ደግሞ ማንም የሚያውቃት ጎልድፊሽ ናት። መግለጫው ሦስቱንም «የባሕር ጌጥ ዓሦች» ይላቸዋል። ጎልድፊሽ ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ በኩሬ ያረቧት ጨው አልባ ውኃ ውስጥ የምትኖር ዓሣ ስትሆን፣ ሁለቱ ማላዊ፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ የሚጋሩት የማላዊ ሐይቅ ተወላጆች ናቸው። አንዳቸውም ባሕር አያውቁም። ሦስቱን በአንድ ገንዳ ማኖሩ ራሱ ትክክል አይደለም፤ ጎልድፊሽ ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ትወዳለች፣ የማላዊዎቹ ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ይሻሉ፣ በዚያ ላይ ኃይለኞች ስለሆኑ ዘገምተኛዋን ክንፏን እየነጩ ይጨርሷታል።

ሁለቱ የማላዊ ዓሦች የሚመደቡት ሲክሊድ በሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ውስጥ ነው። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ቢመስልም ቤተሰቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ከጣና፣ ከዝዋይ፣ ከሐዋሳና ከጫሞ ወጥቶ በየምግብ ቤቱ የሚጠበሰው ቆሮሶ፣ ብዙዎች ቲላፒያ የሚሉት፣ ሲክሊድ ነው። ሆኖም ቤተሰቡ በብዛትም በቀለምም የደመቀው በማላዊ፣ በታንጋኒካና በቪክቶሪያ ሐይቆች ነው። ማላዊ ሐይቅ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠሩ የሲክሊድ ዝርያዎች ሲኖሩት፣ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቤት የላቸውም፤ ዩኔስኮም የሐይቁን ደቡባዊ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1984 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዋነኛነት ስለነዚሁ ዓሦች ነው። ፎቶግራፋችሁ ላይ ያሉት፣ የሐይቁ ዳር ሰዎች በቋንቋቸው «እምቡና» ከሚሏቸው፣ በቋጥኝ መሐል እየኖሩ ከድንጋይ ላይ አልጌ (በውኃ ውስጥ ድንጋይን የሚሸፍነውን አረንጓዴ ነገር) እየጋጡ ከሚያድሩት ወገን ናቸው።

እንግዲህ ጽሑፉ «ባሕር» ብሎ ስለጀመረ፣ ቀጥሎ የመጣው ምክር በየሳምንቱ አንድ እፍኝ የገበታ ጨው ወደ ገንዳው ጨምሩ የሚል ሆነ። (በቅንፍ ለማለት ያህል፣ ከጨው ጋር የተዛመደ ሲክሊድ የለም ማለቴ አይደለም፤ በአፋር፣ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በአፍዴራ ሐይቅ፣ ጨው በሚመረትበት ውኃ ውስጥ፣ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የምትባል ትንሽ ሲክሊድ ትኖራለች። እሷ ግን በሱቅ አትሸጥም።) የማላዊ ዓሣ የሚፈልገው የገበታ ጨው ሳይሆን በማዕድን የጠነከረና ወደ አልካላይን ያደላ ውኃ ነው፤ የሐይቁ ፒኤች (7 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ አልካላይን የሚባልበት መለኪያ) ከ7.7 እስከ 8.6 ይደርሳል። ይህን በቤት ውስጥ ለማምጣት በገንዳው ውስጥ የኖራ ድንጋይ መደርደር፣ ካስፈለገም በጥንቃቄ የተመጠነ ቤኪንግ ሶዳ መጠቀም ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃና ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚሳበው አንድ ስላልሆነ፣ አንዱ ሰፈር የሠራው ልክ ለሌላው ሰፈር አይሠራም፤ ማንኛውም አርቢ ምንም ነገር ከመጨመሩ በፊት የራሱን ቧንቧ ውኃ በመለኪያ ማየት አለበት። በፈረቃ ለሚመጣው ውኃ ሁላችንም ሮቶ ስላለን አንድ ጥቅም አገኘንበት፤ ክዳኑ ተከፍቶ ሌሊቱን ያደረ ውኃ ክሎሪኑ በአብዛኛው ይለቀዋል።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው፣ ነገር ግን ከማንኛውም በሽታ ይልቅ ጀማሪዎችን የሚያስለቅስ ጉዳይ አለ። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል። አዲስ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ ወደቀለለው ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ገና አልበዙም፤ በፊልተሩ ስፖንጅና በድንጋዩ ላይ እስኪደላደሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። ይህ ለማንኛውም ዓሣ እውነት ነው፤ በማላዊ ዓሣ ላይ ግን የሚከፋበት ምክንያት አለ። በ7 ፒኤች ውኃ ውስጥ ካለው አሞኒያ መርዛማ ሆኖ የሚገኘው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ውኃው 25 ዲግሪ ሙቀትና 8.5 ፒኤች ሲኖረው ግን መርዛማው ክፍል ከመቶ 15 ገደማ ይሆናል። ዓሣው የሚወደው ውኃ የራሱን ቆሻሻ መርዝ ያደርግበታል ማለት ነው። እኔ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ዓሦች የገዛሁ ዕለት፣ ሻጩ «ዛሬ ሙላና ነገ ክተት» ብሎኝ እንደ ቃሉ አደረግኩ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የተረፉልኝ አራት ነበሩ። ሻጩን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ አልጠየቅኩም ነበር።

የከተማችን ከፍታም ሊነሣ የሚገባው ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ውኃችን ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ በውጭ አገር መመሪያ ላይ «ፊልተሩ ለጥቂት ሰዓት ቢቆም አይጎዳም» ተብሎ የተጻፈው ለእኛ በልኩ የተሰፋ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚታየው ዓሦቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈታቸው ነው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ብትኖር መልካም ነው፤ በሌለችበት በጆግ ውኃውን እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ሕይወት ያድናል። በክረምት ሌሊት ሂተሩም አብሮ ስለሚጠፋ እኔ ገንዳውን በሁለት ጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ ቤተሰቤ ሲስቅብኝ ኖሯል፣ ነገር ግን 240 ሊትር ውኃ በጋቢ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ እንደሚቀዘቅዝ በቴርሞሜትር አሳይቻቸዋለሁ። መብራቱ እስኪመለስም ምግብ አልሰጥም።

ስለ ምግብ ጽሑፉ «ከገበታ የተረፈ ሁሉ ይሆናቸዋል» ይላል። እምቡና በተፈጥሮው አልጌ ጋጭ፣ ረጅም አንጀት ያለው ዓሣ ነው፤ ዳቦ፣ የተፈጨ ሥጋና ቅባት ሲበዛበት ሆዱ ተነፍቶ፣ መብላት ትቶ ይሞታል። አንድ ጊዜ ቡና ተፈልቶ ሳለ እንግዳዬ የነበሩ አንዲት እናት ከልብ በመነጨ ደግነት አንድ እፍኝ ፈንድሻ በገንዳው ላይ በተኑላቸው፤ የተዘጋጀልኝን ሁለተኛ ስኒ ትቼ በመረብ ስለቅም አመሸሁ። ለእነዚህ ዓሦች የሚስማማው ስፒሩሊና የተባለ ጥቃቅን አረንጓዴ የውኃ ፍጥረት የተቀላቀለበት ደረቅ ምግብ ነው። የሚገርመው ስፒሩሊና ከሩቅ አገር በውድ ዋጋ ተገዝቶ ሲመጣ፣ ያው አረንጓዴ ፍጥረት በሻላ አጠገብ ባለው በጭቱ ሐይቅና በቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ በራሱ ጊዜ የሚበቅል፣ ፍላሚንጎዎችም የሚመገቡት መሆኑ ነው።

አሁን ጽሑፉ «ይራባሉ» በሚል አንድ ቃል ወዳለፈው ነገር ልምጣ፤ እኔን አሥራ አንድ ዓመት ያሠረኝ እሱ ነውና። ወንዱ እምቡና ለመራባት ሲደርስ ከድንጋይ ሥር ያለውን አሸዋ በአፉ እየዛቀ ሜዳ ያበጃል። (በዚህ ምክንያት ድንጋይ በአሸዋ ላይ አይቆምም፤ በቀጥታ በመስታወቱ ወለል ላይ ካላረፈ ተቆፍሮ ይናዳል፣ መስታወቱንም ሊሰብር ይችላል።) ከዚያ ቀለሙን አድምቆ፣ ገላውን እያንቀጠቀጠ ሴቷን ይጋብዛል። ሴቷ እንቁላል ጣል ታደርግና ወዲያው ዞራ በአፏ ትለቅመዋለች። በወንዱ የታችኛው ክንፍ ላይ እንቁላል የሚመስሉ ቢጫ ነጠብጣቦች አሉ፤ ሳትለቅመው የቀረ እንቁላል መስሏት ወደነሱ ስትጠጋ የወንዱን ዘር በአፏ ትቀበላለች፤ እንቁላሎቹ ዘር የሚይዙት እዚያው አፏ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ቮልፍጋንግ ቪክለር ይህን የማስመሰል ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1962 ገልጾታል።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል እናትየው አትበላም። ጉንጯ ሲሞላ ሆዷ ይጎድላል። ሌሎቹ ምግብ ላይ ሲሻሙ እሷ ጥግ ይዛ መንጋጋዋን ቀስ ብላ እያንቀሳቀሰች እንቁላሎቹን በአፏ ውስጥ ታገላብጣለች። ልጄ ትንሽ ሳለች ቀኑን በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእርሳስ ትቆጥር ነበር፤ በአሥራ ስምንተኛው ቀን ገደማ፣ ሌሊት መብራት አጥፍተን በቀስታ እናትየውን በመረብ ይዘን ወደ 40 ሊትሯ ገንዳ እናዛውራት ነበር። በቀን ብትያዝ ደንግጣ ልትተፋቸው ወይም ልትውጣቸው ትችላለች። በትንሿ ገንዳ ውስጥ የስፖንጅ ፊልተር እንጂ ኃይለኛ ፊልተር አይገባም፤ ጫጩቶቹን ይስባቸዋል። ላቢዶክሮሚስ በአንድ ጊዜ ከአሥር እስከ ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ታወጣለች፤ ሲወጡ ክንፋቸው የተሟላ፣ ዓይናቸው የጎላ፣ የእናታቸው ትንንሽ አምሳያ ናቸው። ከወለደች በኋላ እናትየውን በዚያው ዕለት ወደ ወንዱ መመለስ ጭካኔ ነው፤ ለሳምንት ያህል ለብቻዋ በልታ ማገገም አለባት። ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴቶች የሚያስፈልጉትም የወንዱ ኃይለኝነት በአንዷ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ነው።

ይህን ሁሉ የተረኩት ወደ ስም ጉዳይ ለመመለስ ነው። የማላዊ ሲክሊዶች በሐይቃቸው ውስጥ እንደ ልዩ ልዩ ዝርያ የሚኖሩት እርስ በርስ ቢገናኙ ስለማይወልዱ አይደለም፤ ሴቷ ወንዱን በቀለሙ ስለምትመርጥ፣ እያንዳንዱም በየቋጥኙ ስለሚኖር ነው። በጠባብ ገንዳ ውስጥ ምርጫ ሲጠፋ ከተገኘው ጋር ይወልዳሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ። የእኔ የመጀመሪያ ዓሦች በሱቁ መስታወት ላይ የተጻፈባቸው «ቅልቅል አፍሪካ» የሚል ብቻ ነበር። ቢጫዋ ከሰማያዊው ወለደች፤ ልጆቹ ሲያድጉ ቢጫም ሰማያዊም ሳይሆኑ አመድማ ሆኑ። እኔ ግን ገና ጫጩት ሳሉ ለሦስት ወዳጆቼ «ንጹሕ ላቢዶክሮሚስ ናቸው» ብዬ ሰጥቼ ነበር። የዚያ ስሕተት ዘር አሁን በስንት ቤት እንዳለ እግዚአብሔር ይወቀው። ከዚያ ወዲህ ስሙና ሐይቁ ያልተነገረኝን ዓሣ አልገዛም፣ ስሙን ሳልጽፍበትም ለማንም አልሰጥም።

ይህ መደባለቅ በሐይቆቹም ላይ ደርሷል። በማላዊ ሐይቅ ውስጥ ቱምቢ ዌስት በምትባል ደሴት ዙሪያ፣ ለጌጥ ዓሣ ገበያ የተጠመዱ እምቡናዎች ከሌላ የሐይቁ ክፍል መጥተው ተለቅቀው፣ ከአገሬው ጋር እየተዋለዱ መኖራቸው ታውቋል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ደግሞ ውኃው እየደፈረሰ ሲሄድ ሴቶቹ ቀለም መለየት እያቃታቸው ዝርያዎች እንደሚደባለቁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 አሳይተዋል።

እንግዲህ ከሁሉም የከፋው የጽሑፉ ምክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ «ዓሦቹ ሲበዙ ወይም ሲሰለቹ በአቅራቢያ ወዳለ ሐይቅ መልቀቅ ርኅራኄ ነው» ይላል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ቪክቶሪያ ሐይቅን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የተባለው ትልቅ አዳኝ ዓሣ ተለቀቀበት፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ቁጥሩ ፈንድቶ፣ ሌላ ቦታ የማይገኙ ወደ 200 የሚሆኑ ትንንሽ የሲክሊድ ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል። ይኸው ናይል ፐርች በእኛ በጫሞና በቱርካና ሐይቆች ተወላጅ ነው፤ እዚያ ከቆሮሶ ጋር ተላምዶ ኖሯል። ጥፋተኛ ያደረገው የተወሰደበት ቦታ ነው። ቆሮሶም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ እኛ በሎሚ የምንበላው ዓሣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲገባ፣ የዚያ አገር ሰዎች «ንጌጌ» የሚሉትን ነባር ዘመዱን ገፍቶ ቦታውን ወርሷል። ዝዋይ ሐይቃችንም ውስጥ ዛሬ ካርፕን ጨምሮ ከሌላ ቦታ መጥተው የገቡ ዓሦች ከነባሮቹ ጋር ይኖራሉ፤ አንዴ የገባ ዓሣ ተመልሶ እንደማይወጣ ከዚህ ይታያል።

በዚህ ረገድ የማላዊ ዓሣ ከጎልድፊሽ ይልቅ ያሳስበኛል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውኃ ሞቅ ያለና ወደ አልካላይን ያደላ ነው፤ ማለትም በቤታችን በኖራ ድንጋይና በሶዳ ስንለፋበት የምናገኘውን ውኃ ሐይቆቹ በነጻ ያቀርቡለታል። ልጆቹን በአፉ ይዞ የሚያሳድግ፣ ክልሉን የሚጠብቅ፣ ሌላውን የሚያሳድድ ዓሣ ለቆሮሶ ጫጩቶች መልካም ጎረቤት አይሆንም፤ ከሱቅ ተሸክሞት የመጣው ጥገኛ ትልና በሽታም አብሮት ይገባል። የሐዋሳና የዝዋይ አሥጋሪዎች ለጌጥ ባመጣነው ዓሣ ምክንያት መረባቸው እንዲቀል ማንም አይፈልግም።

የበዙትን ምን እናድርጋቸው የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ አንዲት ሴት በዓመት ደጋግማ ስለምትወልድ ገንዳ በቶሎ ይሞላል። የእኔ መልስ፣ ጫጩት ለማሳደግ ቦታ ከሌለ እናትየውን አለማዛወር ነው። በትልቁ ገንዳ ውስጥ ብትለቃቸው ከድንጋዩ ሥር ተደብቀው የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት ይበላሉ። ለማየት ደስ አይልም፣ በሐይቃቸውም የሚሆነው ግን ይኸው ነው። ወንድና ሴት ለይቶ ማኖርም ይቻላል። ያደጉትን ለሸጠው ሱቅ መመለስ፣ ለሌላ አርቢ ወይም ገንዳ ላለው ትምህርት ቤት መስጠት ይቻላል።

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፎቶግራፉ መግለጫ «ላቢዶክሮሚስ ሴሩሌየስና ዜብራ፣ ሁለቱም ጨው አልባ ከሆነው ከማላዊ ሐይቅ» ተብሎ በሚቀጥለው እትም ይታረም፤ ሁለተኛ፣ ወደ ሐይቅ ስለመልቀቅ የተሰጠው ምክር በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን ይሻር። ምክራችሁን ሰምቶ ዓሦቹን በባልዲ ጭኖ ወደ ቢሾፍቱ ለመውረድ የተዘጋጀ አንባቢ ካለ፣ አርባ ሊትሯ ገንዳዬ በአሁኑ ጊዜ ባዶ ስለሆነች እስከ አሥር የሚደርሱ ትንንሽ ዓሦችን፣ ቅልቅልም ቢሆኑ፣ ሌላ ቤት እስኪገኝላቸው ለመቀበል ፈቃደኛ ነኝ፤ አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይገኛል። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ገንዳ የባልደረባችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ጎልድፊሿን ዛሬውኑ እንዲለዩዋት ንገሩልኝ፤ በሥዕሉ ላይ ሲታይ የጅራቷ ጫፍ ቀድሞውኑ ተነጭቷል።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የዓሣ አርቢ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ